እጇ እስከደረሰበት

...ዝም ካለች እሺ ብላለች ማለት ነው፣ ይላል አጎቷ አብዱልወሃብ፣ ለኒካህ እንኳ የልጃገረድ ዝምታ እሺታዋ ነው፣ ለቤት ሽያጭ ሲሆን ምን ተገኘ፣ እና ሁሉም ወደ ናስራ ይዞራሉ፣ ናስራ ዓይኗን የት ታድርገው፣ እግሯ ላይ ትጥለዋለች፣ ጫማዋ ላይ ጭቃ አለ፣ የደረቀ፣ የዚህ ቤት ጭቃ።

ኒካህ። አሁን ኒካህን ምን አመጣው። ፊቷ ይግላል።

ጎረቤቷ አሮጊቷ ሐቦባ ረሺዳ ግን አልተዋጠላትም፣ ግቢው መሀል በገመድ አልጋው፣ አንገረቡ ላይ እንደተቀመጠች ነጩን መጎናጸፊያ ቶቧን ትከሻዋ ላይ ትመልስና፣ ስማ አብዱልወሃብ፣ ትላለች፣ ወንድምህ ዳውድ ይህን መሬት በስሜ ያስጻፈው የሰው አገር ሰው ነህ ብለው አይጽፉልኝምና ስምሽን አውሺኝ ብሎ ነው፣ አማና ነው፣ እኔ ጎረቤት እንጂ ባለቤት አይደለሁም፣ ሚስቱ ይሸጥ ብላለች፣ ሰምቻለሁ፣ ልጁ ደግሞ በአፏ ካላለች አውራ ጣቴን ቀለም አላስነካውም፣ ላ፣ አይሆንም፣ ካለች ላ ነው፣ ገዢው በመጣበት ባለሦስት እግር ረክሻ ይመለስ።

እንግዲህ ቤቱ ናስራ አፍ ውስጥ ገብቷል። ትምህርት ቤት ስሟ ሲጠራ አቤት ማለት የሚያቅታት፣ ስምንተኛን ስትጨርስ አስተማሪዋ ለካ ድምፅ አላት ያለላት ልጅ አፍ ውስጥ።

ላ። አንድ ትንፋሽ ናት። በያት።

እማ አንገቷን ደፍታለች። አትለምናትም፣ ይሄ ነው የሚከብደው፣ ብትለምናት ወይ ብትቆጣት ይቀል ነበር፣ የቶቧን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

ከበር ውጭ ገዢው ሐጅ ከደላላው ጋር ግድግዳውን እየዞረ ይመታዋል፣ ድብ፣ ድብ፣ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው፣ አትምታው፣ አባቷ ነው ያቆመው፣ እርከን በእርከን፣ ጭቃውን በእጁ እየደረደረ፣ የታችኛው ሳይደርቅ የላይኛውን አይጭንም ነበር አሉ፣ ጎረቤት ይስቅበታል፣ ዳውድ፣ የልጅ ልጅህ ናት ወይ ጣራውን የምታለብሰው? እሱ ግን ጭቃ አይቸኩልም ይላል፣ የቸኮለ ግድግዳ ሆዱ ይነፋል፣ ደግሞም እውነቱን ነው፣ በዚያ በትልቁ ጎርፍ ጊዜ የሳቁበት ሰዎች ቤት ሟሙቶ ወደ ወንዙ ሲሄድ ይሄ ቆሟል፣ እማ ናት የነገረቻት፣ የሳቁት ሁሉ ልጆቻቸውን ይዘው እዚሁ ግቢ አድረዋል።

ከዚያ በየዓመቱ ልስኑ። ኸሪፍ፣ ዝናቡ ማለት ነው፣ ሳይገባ የአህያ ፋንድያና ጭቃ ተቦክቶ ሰፈሩን እስኪያሸተው ይቆይና እሱ መሰላል ላይ፣ እሷ ከታች፣ መዳፏ ሙሉ፣ እጅሽ እስከደረሰበት ያንቺ ነው ናስሬ፣ ከዚያ በላይ የኔ። በየዓመቱ የእሷ ከፍ ይላል፣ የእሱ ዝቅ። ይለካኩ ነበር። አንድ ቀን ታባርሪኛለሽ ከዚህ መሰላል፣ ይስቃል፣ ጥርሱ ላይ ጭቃ።

ወባ ነው የወሰደው። እሷ አላባረረችውም።

ዘንድሮ ብቻዋን አቦካችው። እጇ እስከደረሰበት ለሰነች፣ አሳምራ፣ ከዚያ በላይ ግን መሰላል ይፈልጋል፣ መሰላል ላይ የወጣ ሰው ደግሞ መንገዱ ሁሉ ያየዋል፣ ወጣች፣ ወላሂ አንዴ ወጥታለች፣ ገና ከአጥሩ ግንብ በላይ ራሷ ብቅ ሲል አንድ የረክሻ ነጂ ጥሩንባውን እየነፋ፣ ያ ሙሐንዲሳ! የኛንም ቤት ትሠሪልናለሽ? ሻይ ቤቱ ደጃፍ የተቀመጠው ሁሉ ቀና አለ። እንዴት እንደወረደች አታውቅም። መሰላሉን አልጋ ስር ከተተችው። በመጀመሪያው ዝናብ ውሃው ካልተለሰነው ገባ፣ ከላይ፣ ከአባቷ ድርሻ፣ በውስጥ በኩል ወርዶ እሱ ይተኛበት የነበረውን ጥግ በላው። ለማንም አልተናገረችም። ለእማ ዝናቡ ከባድ ነበር አለቻት።

ይህን ማን ለሰነው፣ ድንክ ነው እንዴ? ይላል ደላላው በሩ ላይ፣ ከወገብ በታች ቀሚስ የለበሰ ቤት! ሐጁ ይስቃል፣ ደግ ሳቅ ነው፣ ክፉ ሰው አይመስልም፣ ተወው ባክህ፣ ምን ቸገረን፣ ሊፈርስ ነው፣ ከሰላም ስምምነቱ ወዲህ መሬት ተወዷል፣ ጭቃውን ማን ያያል፣ ፎቅ ነው የማቆምበት።

ሊፈርስ ነው።

ሊፈርስ። እርከን በእርከን የደረቀው፣ በአንድ ጠዋት፣ በመኪና። አሁን መጣች፣ ላ፣ ጥርሷ ጋ ደርሳለች፣ ቀዝቃዛ ናት፣ አይሸጥም፣ መሰላሉን አወጣዋለሁ፣ ይሳቁ፣ ጥሩንባቸው ይቀደድ፣ ይዩኝ፣ የራሱን የአባቴን ድርሻ እለስነዋለሁ፣ ላ፣ ሐቦባ፣ በያት እንጂ ናስራ፣ አፏን ትከፍታለች፣

እማ ትነሳለች። እንግዳ በደረቁ አይሸኝም፣ ሻይ ላፍላ፣ ትላለች፣ ወደ ማድቤት ትገባለች፣ ቆርቆሮ ይንኳኳል፣ አንድ፣ ሌላ፣ ክዳን ይወድቃል፣ ከዚያ ድምፅዋ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያፍር ሰው፣

ናስርዬ፣ ስኳሩ የት ነው?

የት ነው። ስኳሩ ሁልጊዜ ያለበት ነው እማ፣ አይደለም፣ ሁልጊዜ አይደለም፣ ጉንዳን ሲበዛ ናስራ ናት ያዛወረችው፣ ለእማ አልነገረቻትም፣ መቼ ትንገራት፣ ሐሙስ ማታ ከሪያድ፣ ከሀብታሞቹ ሰፈር፣ ትመጣለች፣ ዓርብ ማታ ወደ ሪያድ ትመለሳለች፣ ወደምታገለግልበት ትልቅ ቪላ፣ ባለፈው ዓርብ ጨው የት ነው ብላ ነበር፣ ከዚያ በፊት ክብሪት፣ በገዛ ቤቷ፣ አልጋው ላይ እንኳ ጫፉ ላይ ነው የምትተኛው፣ ሻሿን ሳትፈታ፣ የጎረቤት በር ሲንኳኳ ከእንቅልፏ ሓድር! ብላ ትነሳለች፣ ለእመቤቷ የምትለውን፣ ከዚያ ግድግዳውን አይታ፣ የኛ ነው ለካ፣ ብላ ትተኛለች፣ ናስራ እያየቻት፣ ከአባቷ ሞት ወዲህ ይህን ቤት የጠበቀችው ለማን ነው፣ ለእማ ነበር የሚመስላት፣ እማ ግን በዚህ ቤት እንግዳ ሆናለች፣ ግድግዳው ቆሟል፣ ውስጡ ያለችው አንዲት ልጅና አንድ የተደበቀ መሰላል፣ አጎቷ ደግሞ እዚሁ አል-ሳሃፋ ሰፈር ሁለት ክፍል አይቷል፣ የኪራይ፣ በመንገዱ በኩል ሱቅ የሚከፈት፣ ከቤቱ ሽያጭ እቃ ይሞላበታል፣ እማ በርበሬዋንና ሽንኩርቷን ዘርግታ ትቀመጥበታለች፣ ማታ በሩን ዘግታ ከመጋረጃው ጀርባ ትገባለች፣ እዚያው፣ በየማታው።

አባባ፣ ከዚያ በላይ ያንተ ነበር። እኔ እጄ አልደረሰም።

ናስርዬ? ስኳሩን አልኩሽ።

ይሸጥ፣ ትላለች ናስራ።

ሐቦባ ረሺዳ እጇን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች፣ ምን አልሽ ልጄ፣ አሮጊት ነኝ፣ ድገሚልኝ።

ይሸጥ! ድምፁ ግድግዳው ላይ ይመታል፣ ይመለሳል፣ የማን ድምፅ ነው ይሄ፣ በሩ ላይ ያሉት ዞረው ያያሉ፣ አጎቷ አብዱልወሃብ ጉልበቱን ይመታል፣ አላልኳችሁም፣ ዝም ስትል እኮ እሺ ማለቷ ነበር።

አልነበረም፣ ትለዋለች፣ ዓይኑን እያየች፣ የአጎቷ ዓይን ቡናማ ነው፣ የአባቷን ይመስላል፣ እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር፣ ዝም ስል አይሆንም እያልኩ ነበር አጎቴ። እሺ ያልኩት አሁን ነው።

ማንም አይስቅም። ሐቦባ ረሺዳ ቢስሚላህ ትላለች፣ አውራ ጣቷን በቶቧ ትጠርጋለች፣ ገና ቀለም ሳይነካው፣ ዳውድ፣ ሰማህ፣ ትላለች ወደ ግድግዳው፣ እማ ማድቤቱ በር ላይ ባዶ ማንኪያ ይዛ ቆማለች፣ ታልቅስ አታልቅስ ናስራ አታያትም፣ አጠገቧ አልፋ ትገባለች፣ ከመደርደሪያው በላይ፣ ከሰፌዱ ጀርባ፣ ይኸውና እማ፣ ይኸውና፣ እዚያኛው ቤት ስንገባ ግን እኔ አላስቀምጠውም፣ አንቺ ነሽ የምታስቀምጪው፣ በፈለግሽው ቦታ፣ አትንገሪኝ፣ እኔ ልጠይቅሽ፣ በየማታው፣ እማ ስኳሩ የት ነው፣ የት ነው ያደረግሽው፣ ልበልሽ።