ለዴልሚን የተመረጠው ጥግ

ሳረል ነፋስ ያውቃል። ይህንን ከራሱ አፍ ያልሰማ ሰው በመንደራችን የለም። የዓሣው ኮታ እየጠበበ ሄዶ ጀልባው አሸዋ ላይ ከተቀመጠች ወዲህ ግን እውቀቱ ሌላ እንጀራ ከፈተለት። ከዘመድ አዝማድ ሸሽተው፣ ድንኳን ሳይጣል፣ ድግስ ሳይደገስ፣ ሁለት ብቻ ሆነው ባሕር ዳር መጋባት የሚፈልጉ ጥንዶች ከኬፕታውን ሲመጡ ቦታ የሚያሳያቸው እሱ ነው። ፀሐይ ከየትኛው አለት ጀርባ እንደምትጠልቅ፣ ማዕበሉ እስከየት እንደሚወጣ፣ የሙሽራዋን ዓይነ ርግብ የትኛው ድንጋይ እንደሚከልልላት ይነግራቸዋል። «እዚህ ቁሙ፤ የደቡቡ ነፋስ እዚህ አይደርስም» ይላል፣ ነፋሱን ራሱ አስሮ ያሳደረው ይመስል። ከነፋስ ጋር እንዲህ የሚግባባ ሰው ከሚስቱ ከማግሪታ ጋር ለመነጋገር ሲነሣ ግን ምላሱ ይተሳሰርበታል።

አንድ እሑድ ከሰዓት ጓሮ ሆኖ ጨው የጠጣ ዓሣ በገመድ ሲያንጠለጥል ልጁ ዴልሚን መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች። ዓሣ ማቀበል ጀመረች። ዓሣ ስታቀብል ነገር አለ ማለት ነው።

«አባዬ፣ ቦታ ምረጥልኝ።»

«ለማን? ከሥራ ቦታሽ ሰዎች ናቸው?»

«ለእኔ። ለእኔና ለራይኖ።»

ሳረል የያዘውን ዓሣ ሁለት ጊዜ ወጋው።

ራይኖ መልካም ልጅ ነው፣ ክፉ የሚናገርበት የለም። ጥፋቱ የያኮብ ሲቨርት ልጅ መሆኑ ብቻ ነው። ዴልሚን የወተት ጥርሷ ሳይወልቅ፣ የማግሪታ ታናሽ ወንድም ክላሲ በያኮብ ጀልባ ባሕር ወጣ፤ ጉም ወረደባቸው። እኛ ዘንድ ጉም ሲወርድ፣ ሰው ውጭ የቀረባት ሴት ድስት ይዛ ወደ ዳር ትወርድና ትመታለች። ባሕር ላይ ያለው ድምፁን ተከትሎ ይገባል፤ ሲሰማም «ሆይ!» ብሎ ይመልሳል። ለተመታ ድስት መልስ ከጠፋ መርዶ ነው። ያን ቀን ማግሪታ ዝምታ ጥግ በምንለው የአለት እቅፍ ላይ ቆማ ስትመታ ዋለች። የመለሰላት የለም። ማምሻውን ያኮብ በሌላ በኩል ብቻውን ገባ። «ክላሲ ከጀልባው ወድቆ ጠፋብኝ፤ ድስት የሚባል አልሰማሁም» አለ። ማግሪታ ግን ሰምቷል ባይ ናት፤ ሰምቶ፣ ፈርቶ፣ ክላሲን ሳይፈልግ ዞሯል ባይ ናት። ከዚያ ወዲህ ዝምታ ጥግን ረግጣ አታውቅም። ለልጇም ቁርጡን ነግራታለች፦ «የሲቨርትን ስም የወሰድሽ ቀን እናቴ አትበይኝ።»

«ለእናትሽ ልንገራት» አለ ሳረል።

«ትነግራታለህ?» ዴልሚን ሳቀች። «አንተ? ባለፈው ድመቷ ወተቱን እንደደፋች መንገር ፈርተህ ‘ነፋስ ነው’ አላልክም?»

«ነፋስ ነበር።»

«መስኮቱ ተዘግቶ? በል ተወው። ፓስተር ፎርቱይንን ከወዲያኛው ከተማ አናግረናል። ሁለት ምስክር ያስፈልጋል። አንዱ አንተ ነህ። አንተ ከሌለህ አላገባም፤ እናቴ ካወቀች ደግሞ እንዳገባ አትፈቅድም።»

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል። ሳረል ሁለቱም ዛፍ ላይ አንዳንድ እግሩን አንጠልጥሎ ዓሣውን ማንጠልጠሉን ቀጠለ።

በማግስቱ ይዟት ወጣ። መጀመሪያ ከመንደሩ በታች ያለውን ነጭ አሸዋ አሳያት።

«እዚህ? አባዬ፣ እዚህ ከሳምኩት እናቴ የከንፈሬን ቀለም ከበሯ ሆና ትለየዋለች!»

እውነቷን ነው። የመንደራችን በር ሁሉ ለሁለት የተከፈለ ነው። የታችኛው ዶሮና ሕፃን ይከለክላል፤ በላይኛው በኩል ሴቶቻችን ክንዳቸውን ተደግፈው ዓለምን ይጠብቃሉ።

ቀጥሎ የመርከብ መብራቱ ማማ ያለበትን አለት አሳያት።

«ያምራል አይደል? ግን ነፋሱ ቀሚስሽን ብራዚል ያደርሰዋል።»

«ታዲያ ለምን አመጣኸኝ?»

«ደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ ይህንን ማየት ይፈልጋል።»

«እኔ ደንበኛህ ነኝ?»

ሳረል ወደ ባሕሩ ዞረ። ልጁን ቤቱ ውስጥ፣ ከሚስቱ ጎን ቆሞ መዳር እንደነበረበት ያውቃል። ያላወቀው መንገዱን ነው።

«ዝምታ ጥግ ይሁን» አለች ዴልሚን።

«እዚያማ አይሆንም፣ ልጄ።»

«እናቴ እግሯን የማታነሣበት ቦታ እሱ ብቻ ነው። ደግሞ አንተ ራስህ ከሁሉ ውብ እሱ ነው ትላለህ፤ ለእንግዳ ግን አታሳይም።»

እውነት ነው፣ ውብ ነው። ጥቁሮቹ አለቶች እንደተገጠሙ ሁለት መዳፎች ናቸው፤ መዳፉ ውስጥ ዛጎል የፈጨው ነጭ አሸዋ አለ፤ ውጭ ማዕበሉ ሲያገሣ ውስጡ ያለው ውሃ እንደተኛ ሕፃን ይተነፍሳል። የሳረል ሆዱ እንቢ አለ፣ ሙያው ግን እሺ አለ። «ጠዋት ይሁን» ሲል ራሱን ሰማው። «ነፋስ በሌለበት ቀን።»

ቀኑ ሲደርስ ማግሪታን «ዛሬ ከኢቫን ጋር ባሕር እወጣለሁ» አላት። ዓሣ አጥማጁ ጎረቤታችን ኢቫን በእርግጥም ሊወጣ ነበር፤ ሳረል ግማሽ እውነት ያለው ውሸት ይሻላል ብሎ ያምናል። ሱፉን ከውስጥ፣ የባሕር ካፖርቱን ከላይ ደርቦ ብቅ ሲል ማግሪታ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ወፍረሃል» አለችው።

«ብርዱ ነው። ደራርቤ ነው።»

በዘይት የተጠበሰ ዳቦ ጠቅልላ በኪሱ ከተተችለት፤ የሱፍ ቆቡን እስከ ጆሮው ሳበችለት። እንደ ሁልጊዜው ስልኩን ቤት ተወ። ባሕር ስልክ ይበላል። እጇ ከጆሮው ሳይነሣ ሊነግራት አፉን ከፈተ። «ኢቫን እንዳይቀድምህ» አለችው፤ አፉን ዘጋ።

ሙሽሮቹና ፓስተሩ ወደሚጠብቁበት ዝምታ ጥግ ሲደርስ ነፋስ ትንፍሽ አይልም። «አላልኳችሁም?» አለ ሳረል፣ ላቡን እየጠረገ። ነፋስ የሌለበት ጠዋት የጉም ጠዋት መሆኑን እዚህ ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ያውቃል። ሳረል ግን ነፋሱን ብቻ ሲጠብቅ ከርሞ ባሕሩን አላየውም ነበር። ፓስተር ፎርቱይን መጽሐፋቸውን ሳይገልጡ ነጩ ነገር አለቶቹን ዋጠ፣ አሸዋውን ዋጠ፣ ከዴልሚን ቀሚስ ጋርም አንድ ሆነ። ሙሽራይቱ ከፊቷ በቀር አልታይ አለች።

«ግድ የለም» አሉ ፓስተሩ። «ሕጉም ቢሆን ጣሪያ ሥር፣ በሩ ክፍት ሆኖ ነው የሚለው። ወደ ታኒ ሚንጂ ቤት እንውጣ።»

ታኒ ሚንጂ ሁለተኛዋ ምስክር ናቸው፤ አጎትን ኡም፣ አክስትን ታኒ በምንለው ልማድ ሁላችንም አክስት የምንላቸው፣ ጆሯቸው የደከመ፣ ቤታቸው ከጥጉ በላይ ብቻውን የቆመ አሮጊት። የበራቸው የላይኛው ክፍል ተከፍቷል። የታችኛው በእርጥበት አብጦ አልላወስ ብሏል።

«ግማሹ ክፍት ነው» አለ ሳረል።

«ግማሽ በር ግማሽ ጋብቻ ነው፣ ወንድም ሳረል» አሉ ፓስተሩ። «ክፍት ማለት ማንም ሰው ገብቶ ‘ይህ ጋብቻ አይሆንም’ ለማለት የሚችልበት ማለት ነው።»

«ታዲያ እሱን ሸሽተን አይደል የመጣነው?» አለች ዴልሚን። ራይኖ እጇን ጨበጠ አደረጋት።

«ምን አለች?» አሉ ታኒ ሚንጂ።

«በሩ ይነቀል አለች!» ብሎ ጮኸ ሳረል።

«ይነቀል! ባሌ ከሞተ ጀምሮ የሚነቅለው ሰው ስፈልግ ነበር።»

አማችና አማት ተጋግዘው በሩን ከማጠፊያው ነቀሉት፤ ጉሙ እንደ ተጠራ እንግዳ ሰተት ብሎ ገባ። ሳረል ካፖርቱን አውልቆ በሱፉ ቆመ። ፓስተሩ ጀመሩ። ስለ ፍቅር ያነበቡትን ሳይጨርሱ ከታች፣ ከጥጉ፣ ድምፅ መጣ።

ኳ። ኳ። ኳ።

ሳረል ድስቱን ለየው። ያ ድስት ጠርዙ የተሰነጠቀ ነው፤ ሲመታ መጨረሻው ላይ ይነጫነጫል። በመንደሩ እንዲህ የሚነጫነጭ ድስት አንድ ብቻ ነው። ማግሪታ ጉሙን አይታ፣ ባሌ ውጭ ነው ብላ፣ ያን ሁሉ ዘመን ያልረገጠችውን ጥግ ረግጣ ወርዳለች። የጠራት ውሸቱ ነው።

«አባዬ» አለች ዴልሚን በሹክሹክታ። «እንዳትመልስ። እባክህ። ትንሽ ብቻ።»

ፓስተሩ ቆሙ። ታኒ ሚንጂ ምንም ስላልሰሙ ፈገግ እንዳሉ ናቸው። ከታች የማግሪታ ድምፅ ከድስቱ ጋር ተቀላቅሎ መጣ። «ሳረል! ሳረል፣ ሆይ!»

ቢመልስ መጥታ ሠርጉን ትበትነዋለች። ባይመልስ፣ ቆማበት ያለችው ድንጋይ ወንድሟ ያልመለሰላት ድንጋይ ነው። ሮጦ ቢወርድ ምስክር ይጎድላል። አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። ያን ሁሉ ዓመት ሚስቱ ፊት የከዳው ድምፅ ዛሬም ከዳው። ኳ፣ ኳ ይላል ድስቱ፣ እየፈጠነ።

በሩ ላይ የወጣው ራይኖ ነው።

«ራይኖ!» አለች ዴልሚን።

«ድስት ነው፣ ዴልሚን» አለ ልጁ። ፊቱ እንደ ጉሙ ነጥቷል። «እኔ ድስት እየሰማሁ ዝም አልልም። እኔ አልልም።» ከዚያ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ። «ሆይ! ታኒ ማግሪታ፣ ሆይ! ኡም ሳረል ደኅና ነው! እዚህ ነው!»

ድስቱ ቆመ። ቀጥሎ የተሰማው የጠጠር ኮቴ ብቻ ነው፤ አንዴ እየወደቀች፣ አንዴ እየተነሣች ወደ ድምፁ የምትወጣ ሴት ኮቴ።

ማግሪታ ከጉሙ ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። እስከ ጉልበቷ ርሳለች። ድስቱ በአንድ እጇ፣ የብረት ማንኪያው በሌላው። ባሏን አየች፣ ሱፉን አየች። ልጇን አየች። የጠራትን ልጅ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ደረቅ ነህ» አለችው ሳረልን።

«ማግሪታ፣ እኔ…»

«ደረቅ ነህ። ዳቦውን በላኸው?»

ሳረል ያወለቀውን ካፖርት ኪስ ዳበሰ። ዳቦው እንደታሰረ ነው።

«እህት ማግሪታ» አሉ ፓስተሩ፣ «በሩ ክፍት ነው። መግባትም መናገርም ይችላሉ።»

ዴልሚን «እማዬ» ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ የተባለችው ትዝ ብሏት ይሁን ፈርታ፣ ቃሉ አልወጣም። ማግሪታ ግን ጆሮዋን ወደ ባሕሩ አዞረች።

«ኢቫን አልገባም» አለች። «ሚስቱ ትናንት ወደ ከተማ ሄዳለች። የሚመታለት የለም።»

ዞራ ወረደች። ሳረል አንድ እግሩን ከደጃፉ አወጣ። «ወንድም ሳረል» አሉ ፓስተሩ ለስለስ አድርገው፣ «ከወጣህ ምስክር የለንም።» እግሩ እዚያው አየር ላይ ቀረ፤ ከዚያ በተነቀለው በር ቦታ ላይ ዐረፈ፣ ውስጥም ሳይሆን፣ ውጭም ሳይሆን።

ድስቱ እንደገና ጀመረ። ፓስተሩ ከድምፁ በላይ ለመሰማት ጮክ ብለው ጠየቁ፤ ራይኖ ጮክ ብሎ «አዎ» አለ። ዴልሚን ስትጠየቅ እያለቀሰች ስለነበር ቶሎ አልመለሰችም። ከታች ድስቱ አንዴ ሳይመታ ያለፈ መሰለ። ደክሟት ይሁን፣ ሰምታ ይሁን፣ ሳረል ሊለየው አልቻለም፤ ነፋስ ቢሆን ያውቀው ነበር። ዴልሚን «አዎ» አለች። ከዚያ ኳ፣ ኳ፣ እንደ ቀድሞው።

ሳረል ፈረመ። ስሙ የሌላ ሰው ስም መሰለው። ከዚያ ዳቦውን ከኪሱ አውጥቶ፣ ካፖርቱን በክንዱ ይዞ ወደ ጥጉ ወረደ። ጀርባዋን ሰጥታው ትመታለች። ካፖርቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት፤ አልገፋችውም፣ አልዞረችም። ዳቦውን እንደያዘ አጠገቧ ቆሞ ወደ ነጩ ባዶ «ኢቫን፣ ሆይ!» ብሎ ጮኸ። የመለሰ የለም። እሷ መታች፤ እሱ ጮኸ።