የጠፋው ሕመም

በያጁ በደረቱ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ታላቅ ወንድሙ ወጌሻው ጫማውን አውልቆ፣ እጆቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወገቡ ላይ ቆሟል።

«ተንፍስ።»

«በምኔ ልተንፍስ? ሳንባዬ ላይ ቆመህ!»

«ለማማረር ሲሆን ትንፋሽ አላጣህም።»

የበያጁ ሚስት በሩን ተደግፋ ታያቸዋለች። «ጋሼ፣ ይተዉት። ሐኪሟ ወገቡን ማንም እንዳይረግጠው ብላለች። እግሩ ከደነዘዘ ወይ ሽንት እምቢ ካለው ደግሞ የያዘውን ጥሎ እንዲመጣ ነግራዋለች።»

«እሷ ያየችው የራጅ ፎቶውን ነው፤ እኔ የያዝኩት ሰውየውን ነው» አለ ወጌሻው።

የበያጁ ወገብ የከዳው የብረት በር ከመኪና ላይ ሲያወርድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ ከመቀመጫው ተነሥቶ እስከ ቁርጭምጭሚቱ እንደ ጋለ ሽቦ ይወርድበታል። ሐኪሟ በአከርካሪው አጥንቶች መሃል ያለው ዲስክ ሾልኮ ነርቭ እንደተጫነ ነግራ ክኒንና የሰውነት እንቅስቃሴ አዘዘችለት። ክኒኑ ጨጓራውን ላጠው፤ እንቅስቃሴውን ደግሞ «እንደ ሕፃን ልንፏቀቅ?» ብሎ ተወው። ቀዶ ሕክምና የሚባለውንማ መስማትም አይፈልግም። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ወገቡን ተቀድዶ የተመለሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ወጌሻው ግን የሰፈሩን ግማሽ ትከሻና ክንድ ወደ ቦታው የመለሰ ሰው ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ በያጁን ያሳደገውም እሱ ስለሆነ፣ እሱን እምቢ ማለት አባትን እምቢ ማለት ነበር።

ወጌሻው በተረከዙ ረገጠ። አንድ ነገር ጧ አለ። በያጁ እንደሚታረድ በሬ አጓርቶ የምንጣፉን ጫፍ ነከሰ። ወጌሻው ወርዶ ሁለቱን እግሮቹን በብብቱ ያዘና ጎተተ፣ ጠመዘዘ፣ ደግሞ ጎተተ። ጩኸቱ መሃል ላይ ቀጥ አለ።

«ምነው? ገደሉት እንዴ?» አለች ሚስትየዋ።

በያጁ ቀስ ብሎ ተነሣ። መቀመጫውን ዳበሰ፤ ጭኑን ዳበሰ። «የለም! ሕመሙ የለም!» ብሎ የወንድሙን ትከሻ ሳመ።

«እግርህስ?»

«ትንሽ ተኝቷል። ይነቃል።»

«ደም እየገባለት ነው» አለ ወጌሻው ላቡን እየጠረገ። «የታፈነ ነገር ሲለቀቅ መጀመሪያ እንደዚህ ነው።»

ሚስትየዋ ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። ግን ባሏ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ አየችና ዋጠችው።

በማግስቱ በያጁ ግራ እግሩን እየጎተተ ብየዳ ቤት ገባ። ሳያልቅ ያደረ የመስኮት ፍሬም ነበር፤ ቁጭ ብሎ ይበይደው ጀመር። እዚያ ቤት የቀለጠ ብረት ጫማው ውስጥ የገባበት ሰው ይዘላል፣ ይጨፍራል፤ ሌሎቹ ያጨበጭቡለታል። ያን ቀን የጨፈረ አልነበረም። መጀመሪያ ሽታው የደረሰው ቀለም ቀቢው አፍንጫ ላይ ነው።

«አንተ! እግርህ ይጨሳል!»

«ቀልድህን ተው፣ ልሥራበት።»

ቀቢው ባልዲውን አንሥቶ ውሃውን እግሩ ላይ ደፋበት። ጫማውን አወለቀለት፤ ካልሲው ሲወጣ ቆዳው አብሮ መጣ። በያጁ የተቦረቦረውን ሥጋ የሌላ ሰው እግር እንደሚያይ አየው። ከዚያ መዶሻ አነሣና ጭኑን መታው።

«ተናገር!» አለው እግሩን። «ተናገር አንተ ውሻ!» ደግሞ መታው። ቀቢው ተጠመጠመበት፤ መዶሻውን እስኪያስጥለው ድረስ ሁለቱም የብረት ቁርጥራጭ ላይ ተንከባለሉ።

ተደውሎላቸው ወጌሻውና ሚስትየዋ በሩጫ ደረሱ። ወጌሻው ተንበርክኮ ጥፍሩን ከቁስሉ አጠገብ ሰካ።

«ይሰማሃል?»

«አይሰማኝም። ጋሼ፣ እንደ ትናንቱ ርገጠኝ፤ ይነቃል።»

«ሽንትህስ?»

«ከጠዋት ጀምሮ የለም» አለ በያጁ።

የወጌሻው ፊት አመድ መሰለ። «ተነሥ። ሆስፒታል።»

«ለቢላዋ ልትሰጠኝ? ልብስ ሰፊውን ረሳኸው?»

«ተነሥ አልኩህ!»

ወጌሻው ብብቱ ስር ገብቶ ሲያነሣው በያጁ የብረት ዘንግ ስቦ የወንድሙ የእጅ አንጓ ላይ አሳረፈ። የአጥንቱን ስብራት ሁሉም ሰማው። ወጌሻው አልለቀቀም። በግንባሩ አፍንጫውን ነረተው፤ በደህናው እጁ አንገቱን ቆልፎ ጎተተ። ሚስትየዋ እግሮቹን አነሣች፣ ቀቢው ወገቡን። በያጁ የደረሰበትን ሁሉ እየነከሰና እየተሳደበ የብየዳ ቤቱ ጭነት መኪና ላይ ወጣ።

ያቺው ሐኪም እግሩን በመርፌ ወጋግታ «አሁኑኑ ቀዶ ሕክምና» አለች። በያጁ ከተኛበት የጋውኗን አንገት ጨመደደ።

«እግሬን ብታሳጪኝ እገድልሻለሁ!»

«ለመግደል መቆም ያስፈልጋል» አለች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያላቀቀች። «መጀመሪያ እናቁምዎት። ግን ዘግይተዋል፤ ሁሉም ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም። ይስማማሉ?»

በያጁ ወደ ወንድሙ ዞረ። «ጋሼ፣ አንተ በል። ልቀደድ?»

ወጌሻው ያበጠ እጁን ደረቱ ላይ አቅፏል። «የክንድ ነገር ቢሆን ለማንም አልሰጥህም ነበር። ትናንት ግን ምን እንደነካሁ አላውቅም።»

«አታውቅም?»

«አላውቅም። ግባ።»

በያጁ በደም የቀላ ምራቁን ፊቱ ላይ ተፋበት። ከዚያ ሐኪሟን «ውሰጂኝ» አላት።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሽንቱ ተመለሰ። ግራ እግሩ ግን ከቁርጭምጭሚቱ በታች እንደተንጠለጠለ ቀረ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲቆም የተፈቀደለት ዕለት በአንድ ወገን ሚስቱ፣ በሌላው ክንዱ በጀሶ የታሰረው ወንድሙ ቀረቡት።

«አንተ አትንካኝ።»

«ሌላ ወንድም ካለህ ጥራው» አለች ሚስቱ።

ሁለቱንም ገፍቶ ብቻውን ቆመ። ግራው ታጠፈ። በሙሉ ክብደቱ ወንድሙ ላይ ወደቀና ሁለቱም ግድግዳውን ታከው ወለሉ ላይ ተዘረፈጡ። ወጌሻው የታሰረው ክንዱ ሲጫንበት ጮኸ። በያጁ በቡጢ ደረቱን መታው፤ ደገመው። ወጌሻው ፊቱን እንኳ አላዞረም። እንደገና የተነሣው ቡጢ አየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ ወርዶ የሸሚዙን ኮሌታ ጨበጠ።

«አቁመኝ» አለው በያጁ ጥርሱን ነክሶ።