የቮሮኔዡ ኅብስት

ህሊና የሩሲያ ቋንቋና ባህል ልታጠና ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የትውልድ ከተማዋ የሞላሌ ሰው "ሌላ ትምህርት ጠፍቶ ነው?" ብሎ ነበር። እሷ ግን ወደደችው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ቮሮኔዥ ወደምትባል የሩሲያ ከተማ ተልካ፣ ጋሊና በሚሏት ባልቴት ቤት ከርማ ስትመለስ ቋንቋው ከአፏ ይፈስ ነበር። አብሮ የመጣውን ፍርሃት ግን ለማንም አልነገረችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለባህል ትምህርቷ የእሑድ ቅዳሴ አይታ እንድትጽፍ ታዘዘች። ጋሊና ጠዋት ገንፎ በቅቤ አበላቻትና ወሰደቻት። ቅዳሴው አልቆ ሰዉ ሲሰለፍ ህሊናም ተሰለፈች። የመንዝ ልጅ ናትና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ "ይኼ ምንድን ነው?" ብሎ መጠየቅ ድፍረት መሰላት። ካህኑ መስቀል አሳልመው ከሳህን ላይ ቁራሽ ኅብስት ሰጧት። ጎረሰችው። ገና ሳትውጠው "ቁርባን ቢሆንስ?" የሚል ሐሳብ ብልጭ አለባት። ምን ታድርግ፣ የሚተፋ ነገር አይደለም። ዋጠችው።

ለማያውቅ ሰው ቀልድ ይመስላል። ያልጾመ አይቆርብም፤ እሷ ደግሞ በልታለች። የሩሲያ ቤተ ክርስቲያንና የእኛዋም ብዙ ነገር ቢያመሳስላቸው በቁርባን ከተለያዩ ዘመናት አልፈዋል። በሌላ መቅደስ የቆረበ ከሃይማኖት እንደ ወጣ ይቆጠራል፤ ሲመለስም ቄደር የሚሉትን የመመለሻ ጥምቀት ይጠመቃል። ህሊና በዕድሜዋ ቄደር ሲጠመቅ ያየችው አንድ ሰው ብቻ ነው። የሞላሌ ገበያ ያን ሰው እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው በስሙ ሳይሆን በቄደሩ ነው።

ዝም ብላ መኖር ትችል ይሆናል። ግን የልጅነት ጓደኛዋ ሲና ሴት ልጅ ወለደች።

"ክርስትና የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ" አለቻት። "አንቺን ስጠብቅ ነው የከረምሁ።"

የሰማንያ ቀኑ ክርስትና ለመጪው እሑድ ነበር። ከሃይማኖት የወጣች ሴት ስለ ሕፃን ሃይማኖት እንዴት ትመሰክራለች? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው። ህሊናን እህል አልወርድ አላት፤ ምክንያት እየፈጠረች ከሲና ቤት ራቀች። ሲናም "ካልፈለግሽ ንገሪኝ" ብላ አኮረፈች።

ዓርብ ጠዋት ህሊና ጋቢዋን ተከናንባ ወደ ነፍስ አባቷ ወደ ቄስ ኃይለ ኢየሱስ ሄደች። ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ጥድ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸውና እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻቸው።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እንኳን መጣሽ" አሉ። "ደሙን በማንኪያ፣ በዕርፈ መስቀል አቀበሉሽ?"

"አላቀበሉኝም አባቴ። ግን የእነሱን ሥርዓት እኔ ምን አውቄ?"

ቄሱ ጢማቸውን አሻሹ። "እኔም አላውቀውም። በግምት አልፈርድብሽም፤ በግምትም አልፈታሽም። ቤቷ የከረምሽባት ሴትዮ በሕይወት አለች?"

"አለች።"

"በይ ደውዪላት።"

ይህን አልጠበቀችም። ኔትወርክ ፍለጋ ሁለቱም አጠገባቸው ያለው ጉብታ ላይ ወጡ። ጋሊና በስልኩ መስታወት ላይ ብቅ አለች፤ ቄሱን ስታይ ከወንበሯ ተነሣች። ቄሱ ያን ልብ አሉ፤ ደስም አላቸው። ህሊና በሩሲያኛ ጠየቀች፦ ያን ዕለት የበላሁት ቁርባን ነበር?

ጋሊና ሳቀች፤ የልጅቱን ፊት ስታይ ግን ሳቋን ተወች።

"ልጄ፣ ቁርባን በማንኪያ ነው፤ ያውም ለተናዘዘና ለጾመ። ያ የተባረከ ዳቦ ነው። ለመጣው ሁሉ ይታደላል፤ እኔ ለጎረቤቶቼ ልጆች ሳይቀር እወስድላቸዋለሁ። ደግሞስ ጠዋት ገንፎ ያበላሁሽ እኔ አይደለሁም? ቁርስ ያበላኋትን ልጅ ለቁርባን የማሰልፍ ሴት እመስላለሁ?"

ህሊና አንዲት ቃል ሳታስቀር ተረጎመች።

"የመጨረሻው ይበቃኛል" አሉ ቄሱ። "ሴትዮዋ ሥርዓት ታውቃለች። በረከት ነው የቀመስሽው።"

ህሊና ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ስንት ወር ደረቷ ላይ ተጭኖ የከረመው ነገር ሲወርድላት መጀመሪያ የተሰማት ረሃብ ነው። ዓርብ በመሆኑ ደግሞ ገና መቆየት ነበረባት።

"ቄደር የለብኝም ማለት ነው?"

"የለብሽም። ንስሓ ግን አለብሽ።"

ፊቷ ዳመነ።

"ለዳቦው አይደለም" አሉ ቄሱ። "አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባላል። አንቺ ይኼን ሁሉ ዓመት የለፋሽበት ቋንቋ አፍሽ ውስጥ እያለ፣ አንዲት ጥያቄ ፈርተሽ ጓደኛሽን አስከፋሽ። ዛሬውኑ ሄደሽ ንገሪያት፤ ከዚያ ትሰግጃለሽ።"

"ምን አሉ?" አለች ጋሊና። ህሊና ነገረቻት።

"እውነታቸውን ነው" አለች ጋሊና።

እሑድ ህሊና ከስግደቱ የተነሣ ጉልበቷን እያመማት ሕፃኗን ታቅፋ ቆመች። ቄሱ ስለ ሕፃኗ እምነት ሲጠይቋት መልሷ ካሰበችው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ፤ ሲና ከኋላዋ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። በቅዳሴው መጨረሻ ቄሱ ሕፃኗን ሊያቆርቧት ቀረቡ። በዕርፈ መስቀሉ ጠብታ ሲያቀምሷት ህሊና ያችን ማንኪያ ትክ ብላ አየቻት፤ ከዚያም ሕፃኗን ጠበቅ አድርጋ አቀፈቻት።