ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚመጣ ፍርሃት

«ዓይን ነው አልኩሽ! ስንት ደንበኛ አፍጥጦ እንደሚያያት አታዪም?» አለ ኃይለመስቀል።

«ዓይን ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት ይወጣል?» አለች ሚስቱ ነጻነት። «ልጅቷ የምትንቀጠቀጠው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው።»

«ትምህርት ቤቱን ፈርታ ነዋ!»

«ትምህርት ከተዘጋ ሳምንቱ። እስቲ እያት።»

የዘጠኝ ዓመቷ ሔሊና ካባላጋላ በሚባለው የሰው አገር ሰፈር ባለው ምግብ ቤታቸው ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ግንባሯን አልቧታል፤ የልቧ ምት በቀሚሷ ላይ ይታያል። አንድ ክፉ ነገር ሊመጣ ነው ትላለች፤ ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። ቀኑ ተጋምሷል፤ እህል አልቀመሰችም።

ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ኃይለመስቀል ልጁን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያስጾማል። በማለዳ የምትበላው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። እሱ ራሱ ጨጓራ አለብኝ ብሎ ረፋዱ ላይ ፍርፍሩን ይበላል። ደንበኞች «እንዴት ያለች ጾመኛ አሳደግህ!» ሲሉት ግን አንገቱን ደፋ አድርጎ ምስጋናውን ይቀበላል።

«ሐኪም አይቷታል፤ ደሟ ደህና ነው» አለ።

«የወሰድካት እሑድ፣ ቁርሷን በልታ! ሐኪሙ ‹ምግብ ትበላለች?› ሲል ደግሞ አንተ ቀድመህ መለስክ።»

«በሰው አገር፣ የምግብ ቤት ባለቤት ልጁ ተራበች ይባል?»

ያልተጠየቀውን ሁሉ የሚያውቀው ጓደኛው ሰይፈ ሻዩን እያማሰለ ጣልቃ ገባ። «እህቴ፣ ይሄ የሐኪም ነገር አይደለም። ነገ አዲስ አበባ ትግባ፤ አክስቷ ዘንድ ሆና ጠበሏን ትጠመቅ።»

«ቲኬቷን ቆርጫለሁ» አለ ኃይለመስቀል። «እስክትድን እዚያው ትቆያለች።»

«እዚያም በባዶ ሆድ?» አለች ነጻነት።

ሁለቱም ሳቁ። «ተበልቶ ይጠመቃል እንዴ!» አለ ሰይፈ።

ወንዶቹ ለፍርሃት የሚበረታው የእንጦጦ ጠበል ነው፣ የለም የሽንቁሩ ነው እያሉ ይከራከሩ ጀመር። ነጻነት የልጇን እጅ ይዛ በጓዳ በኩል ወጣች።

«ክሊኒክ ስንደርስ ጣትሽን ጠቅ አድርገው የደምሽን ስኳር እንዳዩ ሙዝ ትበያለሽ» አለቻት። «ሐኪሙ ሲጠይቅሽ ደግሞ አንቺው ራስሽ ትነግሪዋለሽ። እሺ፣ የኔ እናት?»

«አባዬ አይቆጣም?»

«አባዬ ሥራ ይዟል።»

ውስጥ ሰይፈ ስኳር እንዲጨመርለት ጮኸ። ነጻነት ያስቆመችው ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌቱ፣ እናትና ልጅን አሳፍሮ በምግብ ቤቱ መስኮት ሥር አለፈና ቁልቁል ወረደ።