ሳይከፈት ያደረው ቴሌግራም

ደርግ ወድቆ የሰሜኑ የድንበር ጦርነት በተፋፋመበት ዓመት፣ የቴሌግራም አድራሹ ብስክሌት አቃቂ በሰቃ ብቅ ሲል ሴቶች «ለእኛ አይሁን» እያሉ በራቸውን ይዘጉ ነበር። አንድ ዓርብ ብስክሌቱ እነሥርጉት ግቢ ደጃፍ ቆመ። ቴሌግራሙ የጎረቤቷ የእትዬ አሰለፈች ነው። አሰለፈች ፋብሪካ ፈረቃ ላይ ናት፤ አንድ ልጇ ነቢዩ ደግሞ ወታደር ነው። ሥርጉት ፈርማ ተቀበለች።

ምን ታድርግ፣ ለዕድሩ ዳኛ ለጋሽ የሺዋስ ወሰደችው። በደርግ ጊዜ አንዲት የሰፈሩ እናት የልጇን መርዶ በቴሌግራም ብቻዋን አንብባ አእምሮዋ እንደተነካ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ዕድሩ ደንብ አወጣ። በጦርነት ጊዜ የመጣ ቴሌግራም ለባለቤቱ አይሰጥም፤ ሽማግሌ ይዞት ያድራል፣ የሥጋ ዘመድ ተጠርቶ ማለዳ ሰው ባለበት ይከፈታል። ደግ ደንብ ነበር። ደግ ደንብም ግን አእምሮ ካልጨመሩበት ያቃጥላል።

«ጋሽ የሺዋስ፣ እስቲ ይክፈቱት» አለች ሥርጉት።

«የሰው ወረቀት? ነውር ነው! የአሰለፈችን ወንድም ፈቀደን አስጠራለሁ፤ ነገ ማለዳ ከደብረ ዘይት ይመጣል፤ እሱ ይከፍተዋል።»

«ደህና ወሬ ቢሆንስ?»

«በዚህ ዘመን ደህና ወሬ በቴሌግራም ሲመጣ አይተሻል?» አሉና ኮት ኪሳቸው ከተቱት።

አመሻሽ ላይ አሰለፈች ከሥራ ገባች። «ሥርጉትዬ፣ ምነው ሰው ሁሉ ዛሬ ይሸሸኛል?» ስትላት፣ ሥርጉት ልትናገር አፏን ከፈተችና «ኧረ ማንም አልሸሸሽ፣ እትዬ» አለች። በሽማግሌው ድርቅና ተናዳ ነበር፤ በራሷ ፍርሃት ደግሞ የባሰ።

ቅዳሜ ማለዳ የሰፈሩ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጃፉ ላይ ተሰበሰበ። ፈቀደ ቢጠበቅ፣ ቢጠበቅ የለም። በመጨረሻ እያለከለከ ደረሰ።

«ይቅርታ፣ የወታደር መኪና መንገዱን ሞልቶት ነው። እንደ ምንም ቀድመነው መጣን።»

አሰለፈች በሯን ስትከፍት ያን ሁሉ ሰው አየች። የሚነግራት አላስፈለጋትም፤ «ነቢዩዬ!» ብላ መሬት ላይ ተዘረጋች። ለቅሶው ቀለጠ። ወዲያው ከበላይ ያለው አስፋልት በከባድ መኪኖች ጩኸት ተናወጠ። ጋሽ የሺዋስ ቴሌግራሙን ለፈቀደ ሰጥተው እጃቸውን አነሡ። «ቆይ ፈቀደ፣ ጫጫታው ይለፍ፤ ቃሉ በደንብ ይሰማ።»

ሁሉም ጠበቁ። ጫጫታው አለፈ። ፈቀደ ቀዶ አነበበው።

«ከአዋሳ ወደ ግንባር ልንሄድ ነው። ቅዳሜ ማለዳ በአቃቂ እናልፋለን። አስፋልት ዳር ጠብቂኝ። ነቢዩ።»

ሥርጉት አሰለፈችን ክንዷን ይዛ ሮጠች። አስፋልቱ ላይ የቀረው የናፍጣ ጭስ ብቻ ነበር። መንገድ ዳር ዳቦ የምትሸጠው ሐጀራ «አንድ ወታደር ከመኪናው ተንጠልጥሎ ‹እማዬ! እማዬ!› እያለ ሲጣራ ነበር» አለቻቸው።

ጋሽ የሺዋስ ከኋላ ደረሱ። «ተመስገን በይ፣ አሰለፈች። ልጅሽ በሕይወት አለ።»

«እሱማ አለ» አለች አሰለፈች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። «እኔን ያውቀኛል፤ ነይ ብሎኝ እንደማልቀር ያውቃል። እናቴ ሞታለች ብሎ ነው የሄደው።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኛም ቴሌግራም እንላክለታ።»

«ወዴት?» አለች ሥርጉት።