ወረፋ የሌለበት ቀን

ክሊኒካችን ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ነበረ። ስሙን «አያቴ» ብዬ ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ የበሩ ጥበቃ። ጠዋት ሲከፍቱት መጀመሪያ ያቃስታል፣ ቀጥሎ ጥርሱን ያፋጫል፣ ከዚያ ለምን እንደተነሳ ይረሳና እንደገና ይጀምራል። አንዲት ነፍሰ ጡር ካርዷ እስኪከፈት በረንዳው ላይ ወለደች፤ ስሟ ሲጠራ «እናቴ ደክሟታል» ብሎ የገባው ልጁ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ። ያላመነ ልጁን ይጠይቅ፣ አሁን ጢም አለው።

ወረፋውን በእንዲህ ያለ ወሬ ነው የምይዘው። ዱላ ሰጥተውኛል፣ ግን የታመመ ሰው ዱላ አይፈራም። ወሬ ግን ሳያስበው ያስቀምጠዋል።

ካርድ ክፍሉን የያዘችውን ልጅ ሁላችንም «ካርዷ» ነው የምንላት። አያቴ እሷ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው። ግድግዳውን በስቶ ያለፈ ገመድ ደግሞ መርፌ ክፍል ካለ ሌላ ስክሪን ጋር ያገናኘዋል፤ ካርዷ እዚህ የከፈተችውን ነርሷ እዚያ ታያለች። አንድ ካርድ እስኪከፈት ዕድሜ ስለሚያልቅ ካርዷ ዘዴ አበጀች። የተረኛውን ካርድ ሰውዬው ገና ከአግዳሚ ወንበሩ ሳይነሳ ቀድማ ትከፍተዋለች። ነርሷ ቀና ስትል ስክሪኑ ላይ ያለው ሁልጊዜ በሩ ላይ የቆመው ሰው ነው። ብልጥ ዘዴ ነበር። ሁላችንም አመሰገንናት፣ ሁላችንም ለመድነው።

ከወረፋተኛው ሁሉ ወሬዬ የማይዘው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ የተማሪ አውቶቡስ ሹፌሩ። «ፍሬን የለሽ» ይሉታል። ሲነዳ እንኳ እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ ብሎ ነው፤ ስሙ የወጣለት መጠበቅ ስለማይችል ነው። አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ እግሩ የሌለ ነዳጅ ይረግጣል።

«ጥበቃው፣ ዛሬ ስንት ሰው ወልዶ ገባ?» ይለኛል።

«አንተ ብቻ ቀርተሃል ጋሼ።»

«እንግዲያው መንታ ነው የምወልደው፣ ቶሎ በላቸው!»

ይህ ሰው አንድ ነገር ነበረበት። ሰውነቱ ፔኒሲሊን አይቀበልም። በወጣትነቱ ተወግቶ ጉሮሮው አብጦ ለጥቂት ነው የተረፈው። ሚስቱ እትዬ ይህንኑ ወረቀት ላይ አጽፋ ደረት ኪሱ ውስጥ ሰፍታለት ነበር። ኮምፒውተሩ የገባ ሰሞን ይዛው መጣች።

«ልጄ፣ በቀይ ጻፊልኝ» አለቻት ካርዷን።

ካርዷ በቀይ ጻፈችው። ፍሬን የለሽ ከኋላ ቆሞ «በቃ ይቺን ወረቀት ፍቺልኝ፣ ሸሚዜን በላችው» አለ።

«ትፈታ እትዬ» አለች ካርዷም። «ሰው ይረሳል፣ ኮምፒውተር አይረሳም።»

እትዬ እዚያው ቆማ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

አያቴ ግን እያረጀ ሄደ። ኮምፒውተር ጠጋኙ፣ «ብሎን» የምንለው ቀጭን ሰውዬ፣ መጥቶ ጆሮውን ሆዱ ላይ ለጥፎ አዳመጠው።

«ሃርድ ዲስኩ ነው» አለ። «ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለ፣ ፈላጊ ክንድ ደግሞ ሳህኑ ላይ እየተመላለሰ ነው የሚያነበው። ክንዱ ደክሟል። ኤስኤስዲ የሚባል አዲስ ዓይነት ዲስክ ይግባለት።»

አስተዳዳሪው መነጽሩን አወለቀ። ሲጠራጠር መነጽሩን ያወልቃል። «እሱስ ምን አለው?»

«ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ለዚህ ነው የሚፈጥነው።»

«የማይንቀሳቀስ ነገር እንዴት ይፈጥናል? ይኸው ጥበቃችን ከወንበሩ ተንቀሳቅሶ አያውቅም፤ ሲፈጥን አይተኸዋል?»

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፣ በተራዬ መሳቅ አለብኝ።

«አዲስ ኮምፒውተር መግዛት አይሻልም?» አለ አስተዳዳሪው።

«ሌላው አካሉ ጤነኛ ነው። ዲስኩን ብቻ ይቀይሩት፣ ካርድ እንደ መብራት ነው ቦግ የሚለው። ባይሆን ይሄን ጢሜን ይላጩኝ።»

አስተዳዳሪው ክፉ ሰው አይደለም። ጽፎ አስፈቀደ፣ ዲስኩም ተገዛ። እኔ የመኪና ጎማ የሚያህል ነገር ጠብቄ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ነበር፤ የመጣው ግን መዳፍ ላይ የሚያልቅ፣ ብስኩት የሚያህል ጠፍጣፋ ነገር። ካርዷ እንደ ጫጩት በሁለት እጇ ተቀበለችው።

«አሁን ልግጠመው?» አለ ብሎን። «ካርዶቹን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ለመገልበጥ ግማሽ ቀን አጥፉልኝ።»

ሁላችንም በመስኮቱ ወደ ወረፋው ተመለከትን። ወረፋው በሩን አልፎ እስከ ጫማ ሰፊው ደርሷል።

«ወረፋ የሌለበት ቀን እናደርገዋለን» አለ አስተዳዳሪው።

«እሁድስ?» አለች ካርዷ።

«እሁድማ የሥራ ቀን ፈቃድ ያጣው ሁሉ ነው የሚመጣው።»

«ማታስ?»

«ማታ ድንገተኛ ይመጣል። ትንሽ ታገሺ ልጄ፣ ቀለል ሲል።»

ዲስኩ ከነካርቶኑ የካርዷ መሳቢያ ውስጥ ገባ። ወረፋው የማያልቀው ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ ስለሆነ ነው፤ ኮምፒውተሩ የማይቀየረው ወረፋው ስለማያልቅ ነው። እኔ ይህን ቀልድ አድርጌ ለወረፋው አወራሁት፣ ሰዉም እየተንከተከተ ሳቀ። ዝናቡ ወጥቶ በጋ ገባ፣ በጋውም አልቆ ዝናቡ ተመለሰ። ዲስኩ መሳቢያው ውስጥ ነው።

አንድ ዝናባማ ጠዋት የጋራዡ ሰዎች ፍሬን የለሽን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ተሸክመውት መጡ። መሪ ላይ እንዳለ አተኩሶት ነው። ዓይኑ ክፍት ነው፣ ግን አያየንም። እግሩ ብርድ ልብሱ ውስጥ ነዳጅ ይረግጣል። ሚስቱ ተነግሯት በእግሯ እየመጣች ነው አሉ።

የወረፋው የመጀመሪያ ሰው አንድ አናጢ ነበር፣ እግሩን ሚስማር ወግቶት።

«እኔ እቆያለሁ፣ እሱ ይግባ» አለ።

«ይለፍ! ይለፍ!» አለ ወረፋው በሙሉ። እንደዚያ ያለ ደግ ወረፋ አይቼ አላውቅም። እኔም ሁለቱን በር ከፈትኩ።

ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠ። «ሳንባው ነው። ካርዱን እይና ፔኒሲሊን ስጪው» አላት ነርሷን።

ካርዷ የሹፌሩን ካርድ ጠርታለች። አያቴ ማቃሰት ጀምሯል። አዲሱ ካርድ እስኪወጣ ድረስ ግን የቀድሞው ካርድ ስክሪኑ ላይ እንዳለ ይቆያል፤ አሠራሩ እንዲያ ነው። ያለው ተረኛ ስለነበረ ቀድማ የከፈተችው የአናጢው ካርድ ነው። ነርሷ ቀና አለች። ስክሪኑ ላይ ያለው በሩ ላይ ያለው ነው፣ የለመድነው ይህንን ነው። ቀይ መስመር የለም። ስም ማን ያነባል? ሰውዬው እጇ ላይ እየተንቀጠቀጠ ነው።

በሩ ላይ ቆሜ የአያቴን ጥርስ ማፋጨት እሰማለሁ፣ ቅር፣ ቅር፣ ቅር። እትዬ ዝናቡን ሰንጥቃ ስትሮጥ አየኋት፣ አንድ እግሯ ጫማ የለውም።

«ነግራችኋቸዋል?» አለችኝ።

«ኮምፒውተሩ ያውቃል እትዬ» አልኳት።

ቃሉን ሳልጨርስ ካርዷ ግድግዳውን በጡጫ እየደበደበች ጮኸች። «ቆይ! ቆይ! ቀይ ነው! የሱ አሁን ነው የመጣው!»

መርፌው ግን ገብቶ ወጥቷል። ሐኪሙ ሮጠ፣ የሚያውቀውን መድኃኒት ሁሉ ሰጠው። ጉሮሮው ግን ተዘጋ። እግሩ ጥቂት ጊዜ ረገጠና ተወ።

በማግስቱ ክሊኒኩ ጭር አለ። ሰፈሩን ለትምህርት ያመላለሰ እሱ ነው፤ ያሳደጋቸው ሁሉ ቀብር ሄዱ። ትኩሳት ያለበትም ሄደ፣ አናጢውም እያነከሰ ሄደ። አግዳሚው ባዶውን ነበር። ሐኪሙና ነርሷ ለጥያቄ ተጠርተዋል። ካርዷ ቀብር ለመሄድ ጫማዋን አድርጋ ቆይታ መልሳ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ ወደ ብሎን ደወለች።

«ወረፋ የለም» አለችው።

ብሎን መጣ፣ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ ሠራ። አያቴ ግማሽ ቀን ሙሉ እያላዘነ የያዘውን ሁሉ አስረከበ። ከዚያ ብሎን አሮጌውን ዲስክ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ብስኩቷን ገጠማትና ማብሪያውን ተጫነ። ድምፅ የለም። የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

«ክፈቺ» አላት።

ካርዷ የሹፌሩን ስም ጻፈች። ጣቷን ሳታነሳ ቀይ መስመሩ ወጣ። ዘጋችው። ከፈተችው፣ ወጣ። ዘጋችው። ደጋግማ እንዲህ ስታደርግ ብሎን ዕቃውን ሰብስቦ «ደህና ዋሉ» ሳይል ወጣ።

ወረፋው ተመልሶ መጣ፣ ግን ወሬዬን ሳልጀምር ተራው ይደርሳል። ሰዉ ተደስቷል። «ይሄ ነገር እስከ ዛሬ የት ነበር?» ይላል፣ እኔም የጫማዬን ክር አስራለሁ።

እትዬ በጥቁር ልብሷ ደም ግፊቷን ልትለካ መጣች። ገና ካርድ ክፍሉ ውስጥ ከመቀመጧ የእሷ ካርድ ተከፈተ። ስክሪኑን አየችው፣ ካርዷን አየቻት።

«ፈጠነ» አለች።

ካርዷ አንገቷን ደፋች። አስተዳዳሪው በሩ ላይ መነጽሩን አወለቀ።

«መቼ ቀየራችሁት?» አለች እትዬ።

ለሁሉ ነገር ወሬ የማላጣ ሰው ስፈልግ ስፈልግ አንድ ውሸት አጣሁ።

«የቀብሩ ለት ነው እትዬ» አልኳት። «ሰው ስላልነበረ።»

ነርሷ መለኪያውን ይዛ መጣች፤ እትዬ ክንዷን ዘረጋች። ነርሷ ጠቀለለችላት፣ አየሩን ነፋችው፣ ለቀቀችው።

«እሱም ወረፋ አይወድም ነበር» አለች እትዬ።