የላንድሮቨሩ ዳዶ

ሞላሌ ውስጥ ሰው የሚጣላበት ነገር ጠፍቶ አያውቅም። የእርሻ ወሰን አለ፣ የግጦሽ መሬት አለ፣ የቀበሌ ስብሰባ አለ። በ2004 ዓ.ም. ግን ሁለት ጢማም ወንዶች ስድስት ወር ሙሉ የተሟገቱት ስለ አንድ ላንድሮቨር የጎማ ዳዶ ነው፤ ያውም ቴሌቪዥን ውስጥ ስላለ ላንድሮቨር።

አንደኛው ልብስ ሰፊው ወዳጆ ነው። እጁ የተባረከ ነው፤ ሱሪ ሲሰፋ አንዲት ክር አያዛንፍም። ከሥራ ሲወጣ ጌታነሽ የምትባል ሴት የከፈተችው ጌም ቤት ገብቶ የመኪና እሽቅድምድም ይጫወታል። መጫወት ከተባለ ነው። ሌላው ሰው ለመቅደም ሲጋልብ እሱ መኪናውን ዳር አቁሞ ዙሪያውን እያዞረ ያያል፤ የበሩን እጀታ፣ የመብራቱን ክፈፍ፣ የኮፈኑን መጋጠሚያ። አንድ ቀን የላንድሮቨሩን ቸርኬ አስጠግቶ ሲያይ ጎማውን አጥብቀው የያዙት ዳዶዎች ስድስት ሆነው አገኛቸው። ውሸት ነው፣ የላንድሮቨር ዳዶ አምስት ነው ብሎ ተነሣ። ከዚያ ወዲያ ጌም ቤቱ ሰላም አላገኘም።

ስድስት ነው ብሎ የገተረው ዲያቆን ዓምደ ሚካኤል ነው። ቅኔ ቤት ሰባት ዓመት ከርሞ ሲወጣ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፈተ፤ አፉ ግን እዚያው ቅኔ ቤት ቀርቷል። የመኪናውን ሥዕል እንደ መጽሐፍ ተረጎመው። ስድስት ያለው ለዳገት የተሠራውን ነው፤ አንድም ለጭነት የተሠራውን ነው፤ አንድም አምስቱ ቢላሉ ስድስተኛው እንዲይዝ ነው። ይህን የሚለው እንግዲህ ብስክሌት እንኳ ነድቶ የማያውቅ ሰው ነው። ወዳጆም ቢሆን ከአውቶቡስ ወንበር በቀር መኪና ላይ የተቀመጠበት ቀን የለም።

ጌም ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፤ አምስቶችና ስድስቶች እግዜር ይስጥልኝ መባባል ተዉ። በዚያን ዘመን ሁሉም ሰው አንድ ለአምስት ተደራጅ ይባል ስለነበር አምስቶቹ መንግሥትም ከእኛ ጋር ነው እያሉ ይኮፈሱ ነበር። በመጨረሻ በአያቶቻቸው ወግ ዋስ ጠርተው፣ ነጠላ አደግድገው ተወራረዱ። የተረታው ሰው በሰው ፊት ቆሞ ተሳስቻለሁ ሊል፣ ዓመት ሙሉም ጆይስቲክ ላይነካ። ዳኛዋ ጌታነሽ ሆነች። እሷ ስለ መኪና የምታውቀው አንድ ነገር ቢኖር የግማሽ ሰዓት ጨዋታ መቼ እንደሚያልቅ ነው። ቢሆንም ከሁሉም የተሻለ ፈረደች፦ እውነተኛ ላንድሮቨር በዓይኑ አይቶ የቆጠረ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀርቦ ይመስክር አለች።

በከተማው ያለው ላንድሮቨር አንድ ብቻ ነው፤ የአቶ በኃይሉ። እሱም ግቢያቸው ውስጥ እስከ መሬት ሸራ አልብሰው፣ አጠገቡ ውሻ አስረው የሚያኖሩት፣ ለጥምቀት ካልሆነ የማያወጡት መኪና ነው። አቶ በኃይሉ መኪና ብቻ አይደለም ያላቸው፤ ጽናት የምትባል ልጅም አለቻቸው። ወዳጆና ጽናት ከተዋደዱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። የሦስተኛው ቀጠሮ፣ መልስ የሚሰጥበት ቀን፣ ያው እሑድ ነበር።

ዓርብ ዕለት ጽናት ልብስ ልታሳጥር መስላ ሱቁ መጣች። አባቷ ልባቸው እንደራራ፣ እሑድ እሺ ሳይሉ እንደማይቀሩ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ነገረችው። ወዳጆ ደስታው ፊቱን አበራው። ወዲያው ግን ሸራውን ገለጥ አድርጋ ዳዶውን ትቆጥርለት እንደሆነ ጠየቃት። የቀለደ መስሏት ስቃ ሄደች። እኔን ብትጠይቁኝ ያኔውኑ መንቃት ነበረባት፤ የወደደ ሰው ግን አይነቃም።

በአገሩ ወግ ሽማግሌ ልጅቷ ቤት ሲገባ ጠያቂው ልጅ በዚያ ሰፈር ዝር አይልም። በቤቱ አንገቱን ደፍቶ መጠበቅ ነው። ወዳጆም እሑድ ጠዋት ደፍቶ ጠበቀ፤ ሩብ ሰዓት ያህል። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣበት፦ ዛሬ ለሽማግሌዎቹ ሲባል በሩ ክፍት ነው፤ ውሻውም ጓሮ ታስሯል። እንዲህ ያለ ቀን በዓመት አንዴ እንኳ አይገኝም። የልብስ መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወጣ። ለዳዶ ቆጠራ ሜትር ምን እንደሚሠራ እግዜር ይወቀው።

እነ ጽናት ቤት ውስጥ የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ መሪጌታ ይሥሐቅ ልጁ ሰከን ያለ፣ ቁም ነገረኛ፣ ሥፍራውን የሚያውቅ መሆኑን እየዘረዘሩ ነበር። አቶ በኃይሉም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጽናት ከጓዳ ሆና ትሰማለች። ያን ጊዜ ውሻው ከጓሮ ጮኸ፤ ማቆም አልቻለም። አቶ በኃይሉ ምንድን ነው ብለው ሲወጡ ሽማግሌዎቹም ተከተሏቸው። ከሸራው ሥር ሁለት እግሮች ወጥተው ታዩ። ጫማዎቹን መሪጌታ ከሁሉ ቀድመው ለዩአቸው፤ ዓይናቸውንም ወደ ሰማይ አነሡ።

ወዳጆ እየተንፏቀቀ ወጣ። ጉልበቱ ጭቃ፣ ግንባሩ ግራሶ ነው።

አቶ በኃይሉ አልተቆጡም፤ ተረጋግተው ምን ጠፍቶህ ነው አሉት። እሱም እውነቱን ተናገረ፤ የፊቱ ጎማ አምስት፣ የኋላው ስድስት ሆኖበት መደናገሩን ገለጸላቸው። እሳቸውም ታግሰው አስረዱት። የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ዲፈረንሻል የዛሬ ስምንት ዓመት ተሰብሮ ደብረ ብርሃን ከሌላ መኪና የወጣ ከነቸርኬው ተገጥሞለታል።

ጽናት በሩ ላይ ቆማለች። አባቷ ወደ እሷ አየት አድርገው ወደ ወዳጆ ተመለሱ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉት። "ለየትኛዋ ነው የመጣኸው?"

አንዲት ቃል ትበቃው ነበር። ስሟን ቢጠራ ሽማግሌዎቹ ይስቁ ነበር፣ አባትየውም ይስቁ ነበር፤ ነገሩ ለሠርግ ጨዋታ ይሆን ነበር። ወዳጆ አፉን ከፈተ።

"ጋሼ፣ ከመሰበሩ በፊት የኋላውም አምስት ነበር ማለት ነው?"

ጽናት ወደ ቤት ተመለሰች፤ በሩንም ከውስጥ ዘጋችው። መሪጌታ ይሥሐቅ ጋቢያቸውን አስተካክለው ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ። አቶ በኃይሉ ጎንበስ ብለው የተገለጠውን ሸራ መልሰው ሸፈኑ፤ ወዳጆን ዳግመኛ ቀና ብለው አላዩትም።

ጌም ቤቱ ሞልቶ ይጠብቀው ነበር። ወሬው በአጥር ዘልሎ ቀድሞት ገብቷል። ጌታነሽ ቴሌቪዥኑን አጠፋች። ወዳጆ መሐል ቆሞ የፊቱ አምስት መሆኑን፣ የኋላው የተቀየረ በመሆኑ እንደማይቆጠር መሰከረ። ስድስቶቹ የሚሉት ነበራቸው፤ እንደ ወትሮው ቢሆን በዚያች በተቀየረችው ጎማ ብቻ ሌላ ስድስት ወር በተሟገቱ ነበር። ሁሉም ዓምደ ሚካኤልን አዩት።

ዓምደ ሚካኤል የወዳጆን ጭቃማ ጉልበት ተመለከተ። ተነሥቶ ነጠላውን አደገደገ።

"አምስት ነው" አለ። "ተሳስቻለሁ።"

አንድም የለ፣ ሐተታ የለ። ወዳጆ ስድስት ወር ሙሉ ሊሰማት የጓጓላት ቃል ይህች ነበረች፤ አሁን ከአዘኔታ እንደተሰጠችው ገባው። ያለቀሰው ያኔ ነው።